የባርብራ የኋላ መንገድ

መንደራችን ሮስ ዱ ውስጥ ወደ ጀልባ መቆሚያው የሚወርዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በቤተ ክርስቲያኑና በሱቁ በኩል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው። ሌላው ከቤቶቹ ጀርባ፣ በድንጋይ ካቦቹና በረግረጉ መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። «በዚያኛው የምንሄደው ላሞችና እኔ ነን» ትላለች ባርብራ።

ምክንያቱ ፀጉሯ ነው። የባርብራ ፀጉር አመዱ እንደተገለጠለት ፍም ቀይ ነው። በእኛ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ከገጠመችው ወደ ቤቱ ይመለሳል። መረቡን ያስቀምጣል፣ ቦቲውን ያወልቃል፣ ሻይ ያስቀዳል፣ ያ ቀን አለቀ። ወጣቶቹ ዛሬ ዛሬ ይስቁበታል። ኮልሚን ግን አይስቁም። ኮልሚን የባርብራ አማት ናቸው፤ የባሏ የታይግ አባት። «ዴሊያ» የምትባለው ጥቁር ጀልባም የእሳቸው ናት፤ ከአባታቸው የወረሷት፣ በወጣትነታቸው ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ የአፈር ማገዶ ጭነው ወደ ደሴቶቹ የተመላለሱባት፣ አሁን ደግሞ በየበጋው ለውድድር የሚያወጧት።

ባርብራ ታይግን አግብታ የመጣች ጊዜ፣ በመጀመሪያው በጋ፣ የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሱቁ በር ላይ ከኮልሚን ጋር ተገጣጠሙ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላምታ ሰጧትና ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ተመለሱ። ዴሊያ ያን ቀን እንደታሰረች ዋለች። ከዚያ ወዲህ አማቷ ወደ ባሕር በሚወርዱበት ጠዋት ሁሉ ባርብራ በኋላ መንገድ ትዞራለች። ያዘዛት ሰው የለም። «ልባቸው ሳይከብድ ይሂዱ ብዬ ነው» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ባሕር ላይ ልቡ የከበደ ሰው ገመድ ይስታል።»

ይህን ያጫወተችኝ መኪና ውስጥ ነው። ወደ ጎልዌይ ከተማ ጠዋት ጠዋት የምሄደው በእሷ መኪና ነው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት እሷ ከምትሠራበት ፋብሪካ ብዙም አይርቅም። ባርብራ ስትነዳ ታወራለች፣ እኔ ደግሞ መስማት እወዳለሁ፤ ስለዚህ መንገዱ ረዝሞብን አያውቅም። ብዙውን ጊዜ የምታወራው ስለ ሥራዋ ነው። የሚሠሩት ስቴንት ነው፤ የጠበበ የልብ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ደግፎ የሚይዝ፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ እንደ መረብ የተፈለፈለ የብረት ቱቦ። እሷ ያለችበት ክፍል ያንን ብረት መድኃኒት ያለብሰዋል። ማሽኑ ይረጫል፣ ባርብራ ማሽኑን ታስተካክላለች፣ ከዚያ እያንዳንዱን በማይክሮስኮፕ ታያለች።

«ሽፋኑ ከፀጉር የቀጠነ ነው» ትላለች። «አንድ ቦታ ከወፈረ ይሰነጠቃል። በሁለት ዘንግ መካከል እንደ ሸረሪት ድር ከተያያዘ ደግሞ ስቴንቱ ሲከፈት ይቀደዳል። ያየሁትን ድር አሳልፌ አላውቅም።» ይህን ስትል መሪውን በአንድ እጇ ትይዝና ሌላውን እጇን ታነሳለች፤ ቱቦው አሁንም በጣቶቿ መሃል ያለ ይመስላል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን እስከ ቅንድብ ድረስ ሸፍነው ነው የሚሠሩት። «እዚያ ሁላችንም መላጣ ነን» ብላ ትስቃለች። «ኮልሚን ቢያዩኝ በፊት ለፊት መንገድ ያሳልፉኝ ነበር።»

ኮልሚን የታመሙት ከዓመታት በፊት ነው። ደረታቸውን ያዛቸው፤ ጎልዌይ ሆስፒታል ወስደው የጠበበውን ደም ሥር በፊኛ ከፈቱላቸውና ስቴንት አስገቡላቸው። በዚያን ጊዜ የሚያስገቡት መድኃኒት የሌለውን ባዶውን ብረት ነበር። ክረምቱን፣ በእኛ ዘንድ ከገና በፊትና በኋላ ያለውን የብርድ ጊዜ፣ ደህና ከረሙ። በጸደይ ሕመሙ ተመለሰ፤ ያው ቦታ ጠቦ ተገኘ። እንደገና በፊኛ ከፈቱት። እንደገና ጠበበ።

ሐኪሟ አስረድታቸዋለች፤ ኖሪን ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። ኖሪን ሚስታቸው ናቸው፣ ምላሳቸው የሰላ። ሐኪሟም፣ «ደም ሥሩን ስንከፍተው እናቆስለዋለን» አለች። «ቁስሉ ሲድን አዲስ ሥጋ ያበቅላል። የእርስዎ ሥጋ ግን የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ በብረቱ ቀዳዳ እያለፈ ያድጋል።»

«አንደበቱም እንደዚያው ነው» አሉ ኖሪን።

ሐኪሟ ሁለት ነገር አቀረበች። ወይ ደረታቸው ተከፍቶ ደም ሥሩ በሌላ መንገድ ይቀጠላል፤ ወይ አዲሱ፣ መድኃኒት የለበሰው ስቴንት በአሮጌው ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ እዚያው ቁስሉ ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ እየወጣ የሚበቅለውን ሥጋ ያረጋጋዋል። እሷ የምትመርጠው ሁለተኛውን ነበር። ምንም ካልተደረገ ግን፣ ጀልባውን እንዲረሱት፣ ስለሚመጣው ክረምትም ቃል መግባት እንደማትችል ነገረቻቸው።

«ሁለተኛው የት ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ ኮልሚን።

«ደስ ይበልዎት፤ እዚሁ ነው» አለች፣ የዋህ። «ልጆቻችን ናቸው የሚሠሩት።»

ኮልሚን ባርኔጣቸውን አነሱና ወደ ቤት ተመለሱ። «ደህና ነኝ፣ አያስፈልገኝም» ብለው ዘጉት። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም፤ የማያውቅ አልነበረምና። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀይ ፀጉር መንገዳቸውን እንዳያቋርጥ የተጠነቀቁ ሰው፣ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት የነካችውን ነገር ልባቸው ውስጥ ሊያስቀምጡ ነው።

ያን ሰሞን ከቤታቸው ወደ ጀልባ መቆሚያው ሲወርዱ እየቆሙ ነበር። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ካብ ጋር ይቆማሉ፣ ቀጥሎ ሱቁ መስኮት ፊት፣ ዕቃ የሚያዩ መስለው። ሱቁ መስኮት ላይ የነበረው የሴት ጓንትና የአይጥ ወጥመድ ነው። ባለሱቋ ሁልጊዜ ወጣ ብላ፣ «ዛሬም አልተስማማንም፣ ኮልሚን?» ትላቸዋለች። «ቀለሙን አልወደድኩትም» ይላሉ ትንፋሻቸው እስኪመለስ።

 በዚያው ሳምንት መኪና ውስጥ ባርብራ፣ «ታይግ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «‹ለአባቴ ንገሪው፤ ስቴንቱን የምትቀባው የሥራ ባልደረባዬ ሙሬን ናት፣ ፀጉሯ እንደ ቁራ ጥቁር ነው በይው› አለኝ።»

«ታዲያስ? አንድ ቃል ነው። ሽማግሌው ይተርፋሉ።»

«አንቺም?» አለች።  «መንገዱን ሰጥቻቸዋለሁ። መንገድ ምንም አይደለም፤ ጫማዬ ነው የሚጨቀየው። ሥራዬን ግን ለሙሬን አልሰጥም። በዚያ ላይ ሙሬን ፀጉሯን ታቀልማለች።»

ኖሪን በበኩላቸው በሌላ መንገድ ነበር የያዙት። እሑድ ጎመንና የአሳማ ሥጋ ቀቅለው ቤተሰቡን ሰብስበው፣ እኔም ነበርኩ፣ ድንቹን እያቀረቡ፣ «ይኼ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ቀይ ሸራ ሰቅሎ ነው የኖረው» አሉ። እውነት ነው፤ የእኛ ጀልባዎች ሸራ ቀይ ነው፤ ቡናማነት ያለው ቀይ። «ቀይ ሸራ ከራሱ በላይ ሰቅሎ ቀይ ፀጉር ይፈራል።»

«ሸራ ሌላ ነው» አሉ ኮልሚን።

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ሸራ አይናገርም።»

ባርብራ እንኳ ሳቀች። ነገሩ ግን እዚያው ቆመ።

የተንቀሳቀሰው በግንቦት ነው፣ ጀልባ በሚቀባበት ጊዜ። ዴሊያን ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ በጎኗ ያስተኟታል፤ ሆዷ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ትኩስ ቅጥራን ትቀባለች። ይህ ሁሉ ውኃው ሳይመለስ ማለቅ አለበት፤ ባሕር አይጠብቅም። ሌላ ዓመት የሚቀቡት ኮልሚን ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ማዘዝ ብቻ ሆነ ሥራቸው። የሚቀቡት ታይግና ፌስቲ ነበሩ። ፌስቲ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከኮልሚን ጋር በባሕር የኖሩ ናቸው፤ ሸራ ላይ የሚደርስባቸው የለም፣ ብሩሽ ላይ ግን እንደ ገንፎ ነው የሚለጥፉት።

ባርብራ በኋላ መንገድ ዞራ ሻይና ዳቦ ይዛ መጣች። እኔም የዳቦውን ቅርጫት ይዤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ውኃው መመለስ ጀምሯል፤ ገና ግማሹ ጎን አልተቀባም። ታይግ የቅጥራኑን እሳት እየጠበቀ ነው። ባርብራ ሻዩን አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የኮልሚንን ብሩሽ ከአሸዋው ላይ አነሳች።

«አንቺ ልጅ» አሉ ፌስቲ፣ «ጀልባ እኮ ነው።»

«አሸዋ ላይ ነው ያለው» አለች። «ሕጉ የባሕር ነው፤ አሸዋ ላይ ሕግ የለም።»

ፌስቲ ወደ ኮልሚን ዞሩ። ታይግም ዞረ። ኮልሚን ሁለቱንም አላዩአቸውም፤ ያዩት ውኃውን ነው።

«ውኃው እየመጣ ነው» አሉ።

ሂጂም አይደለም፣ ቅቢም አይደለም። ባርብራ ቀባች። እኔ ጀልባ ሲቀባ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየሁም። ብሩሹን ነክራ ጠርዙ ላይ ታራግፈዋለች፣ በሳንቃው መጋጠሚያ ላይ ስስ አድርጋ ትስበዋለች፣ ሳይቀዘቅዝ ትመለስበታለች። ዝቅ ብላ በጎን፣ ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ታያለች፤ አንድ ጠብታ ቁልቁል ከሄደች በብሩሹ ጫፍ ታነሳታለች። ፀጉሯ ከሻርፑ ወጥቶ ፊቷ ላይ ወደቀ፣ በክንዷ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ቅጥራን ግንባሯ ላይ ቀረ።

ኮልሚን ከሣጥናቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ «እዚያም እንዲህ ነው የምትቀቢው?» አሉ።

«እዚያ የሚረጨው ማሽን ነው፣ አባባ። ማየቱ ግን እንዲሁ ነው።»

«ለምን ክኒን አያደርጉትም መድኃኒቱን? በአፍ ይዋጥና ይለቅ።»

«ዴሊያ ውኃ ስታስገባ ቅጥራኑን ለፌስቲ ያጠጡታል?» አለች ሳትዞር። «የሚያፈስሰው ቦታ ላይ ነው የሚደረገው። በክኒን ከሆነ መላ ሰውነትዎ መድኃኒት ይሆናል፤ ቁስሉ ጋ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው።»

«ቢያጠጡኝ ከዚህ ሻይ አይከፋም» አሉ ፌስቲ ኩባያቸውን እያዩ።

«መድኃኒቱስ ከየት ነው?» አሉ ኮልሚን።

«ከአፈር ነው የተገኘው። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል አንዲት ደሴት አለች፣ ከሰው ሁሉ የራቀች። መጀመሪያ ያገኙት ከእሷ አፈር ውስጥ ነው።»

«የደሴት አፈር» አሉ ኮልሚን፤ ለራሳቸው ነው ያሉት። የደሴት ነገር ኮልሚን ዘንድ ሁልጊዜ ቦታ አለው። ከዚያ፣ «የሚያስገቡብኝ ያንቺ ሊሆን ይችላል?» አሉ።

ብሩሹ ቆመ። ታይግ እሳቱን ትቶ ቀና አለ። ባርብራ ዞራ ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እኛ ሠርተን እንልካለን፤ ማን ልብ ውስጥ እንደሚገባ አናውቅም። ታይግ ‹ጥቁር ፀጉር ያላት ናት የሠራችው በይው› ብሎኛል። አልልም፣ አባባ። የእኔ ከሆነ በደንብ የተሠራ ነው። መንገዱን ትቼልዎታለሁ፤ ይሄን ግን አልተውልዎትም።»

 ታይግ አሸዋውን ያያል። ኮልሚን ከሣጥኑ ተነሡ፤ ቀስ ብለው ወደ ጀልባዋ ሄዱና እሷ የቀባችው ፊት ቆሙ። ጎንበስ አሉ፣ በጎን አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ፌስቲ የቀቡት ጋ ሄዱና ያንንም እንዲሁ አዩት።

«ፌስቲ፣ አንተ የቀባኸውን እሷ ትድገመው» አሉ።

ቀና ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸው፤ በጀልባዋ ጎን ተደግፈው ቆዩ። ሲመለስላቸው ልጃቸውን፣ «ለዚያች ሐኪም ደውልላት» አሉት። ውኃው ሲደርስ ዴሊያ ተቀብታ አልቃ ነበር። የኮልሚን መዳፍ ምልክት ግን ጎኗ ላይ ቀርቷል፤ ባርብራ ልትቀባበት ስትል «ተዪው» አሏት።

ሰኔ ላይ አስገቡላቸው፤ በእጅ አንጓቸው በኩል፣ ነቅተው፣ ከሐኪሟ ጋር ስለ ንፋስ እያወሩ። ደም የሚያቀጥን ክኒን ይዘው ተመለሱ፤ ኖሪን ያዙት፣ አንድ ጠዋት አላለፋቸውም። ነገር ግን ይህ ሁሉ መጀመሪያው ብቻ ነው። ባዶው ብረትም መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ሐኪሟ፣ «ሊመለስ ከሆነ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ይለያል» ብላ ነበር፤ እናም መላው ሮስ ዱ መጠበቅ ያዘ።

በዚያ በጋ ዴሊያን የመራት ታይግ ነው፤ መጨረሻ ወጣች። መከሩ ገባ፣ ነፋሱ መጣ። ኮልሚን ሲወርዱ ሰው ሁሉ በመስኮቱ ይቆማል፤ ካቡ ጋ ይቆሙ ይሆን? ባርብራ ከማንም በላይ ታያለች። መኪና ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ጀመረች። አንድ ጠዋት ዘጋችው።

«ቢጠብ የእኔ ነው ይላሉ» አለች። «ማንም አይናገረውም። ሲያስቡት ግን አያለሁ። እሳቸውም ያስባሉ።»

«ላይጠብ ይችላል።»

«አውቃለሁ። ሥራዬን አውቀዋለሁ። የእሳቸውን ሥጋ ግን አላውቀውም።»

ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ቅዳሜ፣ ቅዝቃዜው ገና ሳይለቅ፣ ባለሱቋ በሩ ላይ ቆማ እያለች ኮልሚን መጡ። ካቡን አለፉ። መስኮቱን አለፉ።

«ኮልሚን» አለች ባለሱቋ፣ «ዛሬ ጓንቱን አታዩትም?»

«ለክረምት ነበር፤ ክረምቱ አለቀ» ብለው ወረዱ። ፌስቲ ከኋላ ሲከተሉ አቃታቸውና፣ «ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰው» እያሉ ሲጣሩ ሰማናቸው።

በጸደይ ሐኪሟ ደም ሥሩን በራጅ አነሳችው። ባርብራ ከእሳቸው ጋር ሄዳ ነበር፤ ልየው አለች። ስክሪኑ ላይ ደሙ ሲያልፍ ታያለች፤ ያ ቦታ ሰፊ ነው፣ ከላይም ከታችም ካለው የሚለይ የለም። ባርብራ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ፣ አንገቷን አዘንብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ታዲያስ?» አሉ ኮልሚን።

«ያልፋል» አለች። ማይክሮስኮፑ ፊት የምትለው ቃል ነው። ይህን ሐኪሟ ራሷ እየሳቀች ለኖሪን ነገረቻቸው፣ ኖሪን ደግሞ ለሁላችንም።

ሐምሌ ላይ የቅዱስ ማክዳራ በዓል ደረሰ። ያን ቀን ጀልባ ሁሉ ወደ ቅዱሱ ደሴት ይሄዳል፣ ይቀደሳል፣ ከዚያ ይወዳደራል። በደሴቲቱ ፊት የሚያልፍ ጀልባ ደግሞ ሸራውን ሦስት ጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ያላደረገ በባሕር ላይ አይቀናውም፤ የሚሞክርም የለም።

ጠዋት መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ከባርብራ ጋር ቆመን ነበር። የኮልሚን ቤት በር ሲከፈት ሰማችና ወደ ኋላ መንገድ ታጠፈች። እግሯ ራሱ ነው የታጠፈው፤ አላሰበችውም።

«ወዴት ነው?» አሉ ኮልሚን ከበስተኋላ።

«በኋላ ነዋ፣ አባባ።»

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ጭቃ ነው በዚያ በኩል። ትናንት ዘንቧል። ነይ በዚህ ሂጂ።»

ትናንት አልዘነበም። ባርብራ ፊታቸው ፊታቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በሱቁ አጠገብ ወረደች። ነፋሱ ፀጉሯን እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል፣ እሷም አልሸፈነችውም። ባለሱቋ በሩ ላይ ሆና አየችና ማማተብ ጀመረች፤ ከዚያ እጇን መሃል ላይ አቁማ ሳቀች። ፌስቲ መቆሚያው ላይ ገመድ ሲፈቱ ቀና ብለው አዩ።

«ኮልሚን፣ ተመልሰን ሻይ እንጠጣ?»

«ጠጥቻለሁ» አሉ ኮልሚን፤ ወደ ጀልባቸው ገቡ።

ሸራው ተሰቀለ፣ ንፋሱን ያዘ፣ ዴሊያ ተነሣች። እኛ መቆሚያው ጫፍ ላይ ነን፤ ኖሪን፣ ባርብራና እኔ። ዴሊያ በፊታችን ስታልፍ ኮልሚን መሪውን ይዘው ቀጥታ ወደ ባሕሩ ነበር የሚያዩት። ቀይ ሸራው ድንገት ዝቅ አለ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ወደ ቦታው ወጣ። ፌስቲ አፋቸውን ከፍተው ወደ እኛ ሲዞሩ ታዩኝ።  ባርብራ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጆቿን ከኪሷ አወጣች።

ሁለተኛ ነው የወጡት። ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ከአሸናፊዎቹ አንዱ፣ «ቀይ ፀጉር ባትገጥማችሁ ኖሮ ታሸንፉ ነበር» አላቸው።

«አምና በኋላ መንገድ ሄዳ መጨረሻ ነበርን» አሉ ኮልሚን።

«ሸራውስ ለማን ነው ዝቅ ያለው? የቅዱሱ ደሴት በዚያ በኩል አይደለም እኮ።»

«ገመዱ አመለጠኝ።»

ሰኞ ጠዋት መኪናው ውስጥ ገባሁ። «ገመዱ አመለጠኝ አሉ አይደል?» አልኳት።

«አሉ።»

«አምልጧቸው ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ባርብራ። ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ መኪናውን አዙራ በፊት ለፊት መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በሱቁ በኩል፣ ዴሊያ እስከታሰረችበት ድረስ ነዳችው፣ ቀስ ብላ። ወደ ጎልዌይ የሚወስደው በዚያ አይደለም።